ሐኪሙ ጾታዊ ጥቃት ካደረሰ፣ ካሳ የሚጠየቀው በየት በኩል ነው?

ለሕክምና ሄዶ በሐኪም ጾታዊ ጥቃት የደረሰበት ሰው ዙሪያ ያለው ወሬ ሁሉ ስለ እስር ነው። ይታሰራል ወይ? በዋስ ይለቀቃል ወይ? ስንት ዓመት ይፈረድበታል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ግን የወንጀል ክሱ የመንግሥት ነው። የሚመራውም አቃቤ ሕግ ነው። ተጎጂው ምስክር ሆኖ ይጠራል፣ ይናገራል፣ ይወጣል። ራሱ ከሳሽ የሚሆንበት፣ ማንን እንደሚከስና ምን እንደሚጠይቅ ራሱ የሚወስንበት መንገድ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ይሄ ያንገበግበኛል።

እዚህ መንገዶቹን ጎን ለጎን አድርገን እናያለን። የምጽፈው አዲስ አበባ ላለ ሰው ነው፤ የሚያየውም ፌደራል ፍርድ ቤት ነው። እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ ክስ የሚከፈተው በፌደራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ከፍተኛው ይሄዳል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልበል። ተጎጂው ወንድም ሊሆን ይችላል። የወንጀል ሕጋችን አስገድዶ መድፈርን የሚያየው በሴት ላይ የሚፈጸም አድርጎ ነው። የካሳ ሕጉ ግን ጾታ አይለይም። ለወንድ ታካሚም ከታች ያሉት መንገዶች ክፍት ናቸው።

ከምርጫው በፊት፣ ማስረጃ

ጥቃቱ የቅርብ ከሆነ ክርክሩን ለጊዜው ተዉትና ሕክምና አግኙ። ስታዲየም አካባቢ ያለው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለው። ምርመራው፣ የምክር አገልግሎቱ፣ ፖሊሱና አቃቤ ሕጉ እዚያው አንድ ቦታ ይገኛሉ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። የለበሳችሁትን ልብስ አትጠቡት። በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሻል። የምርመራው ወረቀት ለወንጀሉም ለካሳውም ክስ ያገለግላል።

ጊዜው ካለፈስ? ማስረጃ አልቋል ማለት አይደለም። በሐኪም የደረሰ ጥቃት ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ወረቀት ይተዋል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ለወገብ ሕመም ወደ ግል ክሊኒክ ሄደች እንበል። ሐኪሙ ልብሷን እንድታወልቅ አዘዛት። ነርሷን አስወጣ። ከዚያ ወገብ ለመመርመር የማያስፈልግ ቦታ ነካት። በኋላ ሲጠየቅ “ምርመራ ነው ያደረግኩት” ይላል። ሁሉም የሚለው ይሄንኑ ነው። እዚህ ጋ ካርዷ ይናገራል። ካርዱ ላይ የተጻፈው የወገብ ሕመም ብቻ ከሆነ፣ የማህፀን ምርመራ ያልታዘዘና ውጤቱም ያልተመዘገበ ከሆነ፣ “ምርመራ” የተባለው ነገር የት አለ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት ይላል። የሕክምና ሙያ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ምርመራው ለምን እንደሚደረግ ይነገራል፣ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ለእንዲህ ያለ ምርመራ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ይኖራል።

ስለዚህ የካርዳችሁን ቅጂ ቶሎ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ነገ ሌላ ነገር ሳይጨመርበት። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ፣ የቴሌብር መልእክቱን፣ የቀጠሮውን ኤስኤምኤስ አታጥፉ። ቀኑንና ሰዓቱን የሚያረጋግጡት እነሱ ናቸው። ኮሪደር ላይ ካሜራ ካለ ቅጂው ብዙ ሳይቆይ በላዩ ላይ ይቀዳበታልና ለፖሊስ ወዲያው ተናገሩ። የሆነውንም በዚያው ቀን ጻፉት፤ ማን በር ላይ እንደነበረ፣ ምን እንደተባለ፣ ስትወጡ ለማን ደውላችሁ እንደነገራችሁ።

የ1,000 ብሩ ጉዳይ

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ይህ ይከተላችኋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 መሠረት የህሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ጣሪያው እስካሁን አለ። ፍርሃቱ፣ ውርደቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት በገቡ ቁጥር የሚመጣው መንቀጥቀጥ፣ ሁሉም ተደምሮ 1,000 ብር። ይህ ቁጥር ለዛሬ ተጎጂ ስድብ ነው፤ መቀየር አለበት።

እስኪቀየር ግን ክሱን ማቆም ያለባችሁ በሌላ እግር ላይ ነው። ለንብረትና ለገንዘብ ጉዳት ካሳ ጣሪያ የለውም። መርሁ ካሳው ከደረሰው ጉዳት እኩል ይሁን የሚል ነው። የሥነ ልቦና ሐኪም ጋ የተከፈለ ገንዘብ ወጪ ነው። መድኃኒቱ ወጪ ነው። ታክሲው ወጪ ነው። ያቺ የባንክ ሠራተኛ ያለ ደመወዝ የወሰደችው ፈቃድ የቀረ ገቢ ነው። ሥራ ለቃ ከሆነ ደግሞ ሌላ ትልቅ ጉዳት ነው። ወደፊት የሚያስፈልጋት ሕክምናም ይታሰባል። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ ነው ባሉት ግምት፣ እንዲወስኑ ይፈቅዳል።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። ሕመሙ የአእምሮ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትቻሉት። አማኑኤል ሆስፒታልም ይሁን የምታምኑት የግል ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ታከሙ፤ ለጤናችሁ ብላችሁ። ምርመራው በጽሑፍ ይሁን፣ ደረሰኙ ይቀመጥ። ደረሰኝ የሌለው ስቃይ ፍርድ ቤት ውስጥ የሚያወጣው ያንኑ 1,000 ብር ነው።

አንደኛው መንገድ፦ እዚያው የወንጀል ችሎት ላይ ካሳ መጠየቅ

የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ተጎጂው የወንጀሉ ክስ መሰማት ሲጀምር ካሳ እንዲወሰንለት ማመልከት ይችላል ይላል። የዳኝነት ክፍያ የለም። ማስረጃው ያው ነው፣ ታሪኩን ሁለት ቦታ መናገር አያስፈልግም። በጥቃት ጉዳይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዴ መናገር ራሱ ስንት ቀን እንደሚያሳምም የደረሰበት ያውቀዋል።

ጉድለቱም ብዙ ነው። የሚከፍለው ተከሳሹ ሐኪም ብቻ ነው፤ ክሊኒኩ እዚያ የለም። ዳኛው ጥያቄው የወንጀሉን ክርክር ያወሳስባል ወይም ያዘገያል ካሉ አይቀበሉትም። ተከሳሹ በሌለበት የሚታይ ከሆነም አይቀበሉትም። በፍትሐ ብሔር ችሎት ቀድማችሁ ከሳችሁም ይህ በር ይዘጋል። ተከሳሹ ነጻ ከወጣ ደግሞ ስለ ካሳ ምንም አይወሰንም፤ ወደ ፍትሐ ብሔር ሂዱ ትባላላችሁ። በተግባርም ብዙ አይሠራበትም። አቃቤ ሕጉን ራሳችሁ ካልጠየቃችሁ ማንም ላያነሳላችሁ ይችላል።

ወጪያችሁ ትንሽ ከሆነ፣ ሐኪሙ የሚታወቅ ንብረት ካለው፣ ሌላ ክርክር ለመጀመር ጉልበት ከሌላችሁ፣ ይሄ ይበቃል።

ሁለተኛው፦ ሐኪሙን በፍትሐ ብሔር መክሰስ

እዚህ መሠረቱ ከውል ውጭ ኃላፊነት ነው፤ ውል ባይኖርም በጥፋት ለደረሰ ጉዳት መጠየቅ ማለት ነው። ቁጥር 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል። ቁጥር 2038 ደግሞ የሌላውን ሰው አካል ያለ ፈቃዱ ሆን ብሎ መንካትን ጥፋት ያደርገዋል። ለምርመራ መስማማት ለጥቃት መስማማት አይሆንም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ነው፤ ሐኪሙ በወንጀል ነጻ ቢወጣም በካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ወንጀል ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት። በፍትሐ ብሔር ግን የማን ማስረጃ ሚዛን ይደፋል ነው የሚታየው። ቁጥር 2149 የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት በወንጀሉ ነጻ መባል አይታሰርም ይላል። በተቃራኒው ጥፋተኛ ከተባለ ያ ፍርድ ትልቅ ማስረጃ ይሆናችኋል። ቁጥር 2114 በአስገድዶ መድፈር ወይም በክብረ ንጽህና ድፍረት ለተፈረደበት ሰው ተጎጂ ካሳ ይፈቅዳል፤ ግን ያቺው ጣሪያ አለችበት።

የዚህ መንገድ ድካም ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ፍርድ አግኝቶ ብር ማጣት አለ። ሐኪሙ መኪናውን በወንድሙ ስም፣ ቤቱን በሌላ ሰው ስም ሊያዞር ይችላል። ስለዚህ ክሱን ስትከፍቱ ንብረቱ ከፍርድ በፊት እንዲከበር፣ ማለትም እንዳይሸጥና ወደ ሌላ እንዳይዞር እንዲታገድ፣ አብራችሁ አመልክቱ። የመኪናውን ታርጋ፣ ቤቱ ያለበትን ወረዳ፣ የሚሠራበትን ሁለተኛ ክሊኒክ አጣርታችሁ ሂዱ።

ሦስተኛው፦ ተቋሙን መክሰስ

የግል ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ከሆነ እኔ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። ብዙ ሰው ቁጥር 2651ን ሰምቶት አያውቅም። የሕክምና ተቋም የሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች በጥፋታቸው በታካሚው ላይ ላደረሱት ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ነው ይላል። ስትገቡ የካርድ የከፈላችሁት ለክሊኒኩ ነው። ደረሰኙ ላይ ያለው ማኅተም የክሊኒኩ ነው። ውሉ ያላችሁ ከእሱ ጋር ነው። ተቋሙ ሕንፃ አለው፣ ሒሳብ አለው፣ ነገ ጠዋት ስሙን ቀይሮ አይጠፋም።

ተቋሙ ምን ብሎ ይከራከራል? “ይሄ የግል ድርጊቱ ነው፣ እኛ ያዘዝነው ሥራ አይደለም” ይላል። ክርክሩ ዋዛ አይደለም። የእናንተ መልስ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሕጉ በሥራ ቦታና በሥራ ሰዓት የተፈጸመ ጥፋት በሥራው ላይ እንደተፈጸመ ይገመታል ይላል (ቁጥር 2132)። ተቃራኒውን ማስረዳት የተቋሙ ሸክም ነው። ታካሚዋ በሩ ተዘግቶባት ልብሷን ያወለቀችው ሰውየው ነጭ ጋውን ለብሶ ክሊኒኩ በሰጠው ክፍል ውስጥ ስለተቀመጠ ነው። ሁለተኛ፣ የተቋሙን የራሱን ጥፋት ፈልጉ። ከዚህ በፊት አቤቱታ ቀርቦ ዝም ተብሏል? ነርስ አብራ እንድትገባ የሚል አሠራር አለ? ሐኪሙ ከሌላ ቦታ በምን ምክንያት እንደለቀቀ ተጠይቋል? ሌላ ተጎጂ ካለች ምስክርነቷ እዚህ ጋ ወርቅ ነው።

በኔ እምነት በግል ተቋም ለተጎዳ ሰው የተሻለው ሐኪሙንና ተቋሙን በአንድ ክስ፣ አንደኛና ሁለተኛ ተከሳሽ አድርጎ መክሰስ ነው። አንዱ ወደ ሌላው ሲገፋ ሁለቱም ዳኛው ፊት ይሆናሉ።

የመንግሥት ሆስፒታል ላይ ነገሩ ይከብዳል። ቁጥር 2126 እና 2127 የሠራተኛውን የግል ጥፋት ከሥራ ጥፋት ይለያሉ። መንግሥት የሚጠየቀው በሥራ ጥፋት ነው፤ ይኸውም ሠራተኛው በቅን ልቦና በሥልጣኑ ውስጥ ለመንግሥት ጥቅም እየሠራሁ ነው ብሎ ያደረገው ነው። ጾታዊ ጥቃት በምንም መልኩ እዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ዋናው ተከሳሽ ሐኪሙ ይሆናል። ሆስፒታሉ ላይ ክስ ካለ መንገዱ የኃላፊዎቹ ቸልተኝነት ነው፤ አቤቱታ ደርሷቸው ምንም አለማድረጋቸው።

ይርጋ፣ ማለትም ጊዜው

ከውል ውጭ ኃላፊነት ክስ ይርጋው 2 ዓመት ነው፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል (ቁጥር 2143)። አስገድዶ መድፈር ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ስለሚችል የወንጀሉ ይርጋ 20 ዓመት ነው። በጤና ተቋም ውስጥ በሥልጣኑ ሥር ባለች ታካሚ ላይ ከተፈጸመ እንዲያውም ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። በውል ላይ ለተመሠረተ ክስ ደግሞ መደበኛው ይርጋ 10 ዓመት ነው።

እነዚህን ረጃጅም ቁጥሮች አይታችሁ ግን አትዘናጉ። የክሊኒኩ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው መቃወሚያ ይርጋ ነው። ረጅሙ የወንጀል ይርጋ የሚሠራው ለአጥፊው ብቻ ነው፣ ለእኛ አይደለም ይላል። ክሱ ከውል ውጭ ነው እንጂ የውል አይደለም ይላል። ይህን ክርክር መሸሽ የሚቻለው በ2 ዓመት ውስጥ ክስ በመክፈት ነው። የወንጀሉ ፍርድ ካልደረሰ መዝገቡን ከፍታችሁ ዳኛው የወንጀሉን ውጤት እንዲጠብቁ ማመልከት ይቻላል። ሁለት ዓመታችሁ ያለፈ ከሆነ ግን ተስፋ ቆርጣችሁ አትቅሩ፤ ረጅሙ ይርጋ የተጻፈው ለእናንተ ነው።

ሽምግልናስ?

ይመጣል። ብዙ ጊዜ በሳምንቱ ይመጣል፣ አንዳንዴ በተከበሩ ሰዎች በኩል። “ልጄ፣ ስምሽም እንዳይነሳ፣ እሱም የልጆች አባት ነው” ይባላል። ሕጉ ስለ ካሳ መታረቅን አይከለክልም። ለአንዳንድ ሰው ፈጣንና ጸጥ ያለ መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ ምርጫው የተጎጂዋ እስከሆነ ድረስ እኔ አልፈርድም። ግን የዕርቅ ውል በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው። “ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም” ብሎ የፈረመ ሰው ስለ ካሳ መመለስ አይችልም፣ ሕመሙ በዓመቱ ቢብስበትም። ወንጀሉ ደግሞ በሽማግሌ አይዘጋም። አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ የሚቀርብ ወንጀል ስላልሆነ አቃቤ ሕግ ይቀጥላል። ስለዚህ ምስክርነት እንዳትሰጡ የሚያስገድድ ወረቀት ከሰጧችሁ አትፈርሙ። ሌላውንም ቢሆን ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ።

ስሙን ቲክቶክ ላይ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ይገባኛል። ንዴቱ እውነት ነው። ነገር ግን በስም ማጥፋት መልሶ ሊከሳችሁ በር ይከፍትለታል፣ ያን ጊዜ እናንተ ተከሳሽ ናችሁ። ክሱ ይቅደም።

ካሳ የማይሰጠው፣ ግን የማይዘለለው በር

የሙያ ሥነ ምግባር አቤቱታ ነው። በጤና ሚኒስቴርና በከተማው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩል የሚታይ ሲሆን ፈቃዱን ማገድ ወይም መሰረዝ ይችላል። ብር አያስገኝም። ከየትኛውም ክስ ጋር ጎን ለጎን ስለሚሄድ መምረጥ አያስፈልግም። ውሳኔው በጽሑፍ ሲሰጥ ቅጂውን ውሰዱ፤ የሙያ ደንብ ተጥሷል የሚል የባለሙያዎች ውሳኔ ለካሳው ክስ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ገንዘብ ለሌለው ሰው

የፍትሐ ብሔር ክስ የዳኝነት ክፍያ አለው፤ የጠየቃችሁት ገንዘብ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። መክፈል ካልቻላችሁ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ያለ ዳኝነት ክፍያ፣ ለመክሰስ በቃለ መሐላ አመልክቱ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ስድስት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው። ፍትሕ ሚኒስቴር አቅም ለሌላቸው ሴቶችና ሕጻናት በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የሚቆምበት አሠራርም አለ። ጠበቆችም በየዓመቱ በነጻ የመሥራት ግዴታ አለባቸው፤ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ኮምፒውተር ይዘው ክስ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ለቤት ኪራይ ጉዳይ ይሆናሉ። ለዚህ ጉዳይ ግን አልመክርም። የክሱ ጽሑፍ ላይ “በደል ደርሶብኛልና ካሳ ይከፈለኝ” ብሎ በጅምላ የጻፈ ሰው ያንን 1,000 ብር ብቻ ጠይቆ ሊመለስ ይችላል። ወጪው በመስመር በመስመር፣ ከነደረሰኙ መዘርዘር አለበት። ከዚያ ጋር አንድ ሌላ ማመልከቻ አያይዙ፤ ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይ የሚጠይቅ። ክሱን ለሬጅስትራር፣ ማለትም ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል፣ ስታስገቡ አብሮ ይግባ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀን ስማችሁ ተጠርቶ ችሎቱ በሰው ተሞልቶ እያለ ልጠይቅ ካላችሁ ይዘገያል።